ድስቱን ማን ያንሣው?

የፋሲካ ማግስት ስልክ የሚደወለው «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ብቻ አይደለም። «ሌሊቱን ሙሉ ስመላለስ አደርኩ» የምትል አክስት፣ «ልጁን ሲያስመልሰው አደረ፣ ምን እንደነካው እንጃ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ምክንያቱ ደግሞ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ነው፤ ሁለት ወር ጾሞ የከረመ ሆድ ቅቤ ድንገት ሲወርድበት ተቆጣ፣ ብርድ መታው፣ ዓይን በላው። ይህ ሁሉ ካልተመቸ በመጨረሻ በተበላው ነገር ይሳበባል፤ ነገሩ ከቤት ውጭ የተበላ ከሆነማ ፍርዱ ወዲያው ነው።

የጾመ ሆድ ቅባት ሲበዛበት መቸገሩ እውነት ነው። ሁሉን በዚያ ማሳበባችን ግን አንድ ቀላል ጥያቄ እንዳንጠይቅ አድርጎናል፤ ወጡ ሌሊቱን የት አደረ? ከምግብ የሚመጣ ሕመም ቀጠሮውን ራሱ ነው የሚይዘው። አንዳንዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። ታይፎይድ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት አድፍጦ ነው የሚነሣው፤ ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ኤ ደግሞ እስከ 50 ቀን ድረስ ድምፁን አጥፍቶ ይከርማል። ስለዚህ ዛሬ የታመመ ሰው ትናንት ምሳውን የበላበትን ምግብ ቤት ሲረግም፣ ጥፋቱ ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ቤቱ የቀረበ ሰላጣ ሊሆን ይችላል። ምግብ ቤቶች ሁሉ ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። የራሳችንን ጓዳ ግን በጣም በቀላሉ ነጻ እናወጣዋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በዓመት 600 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከ10 ሰው አንዱ፣ በተበከለ ምግብ ይታመማል፤ 420,000 ሰው ይሞታል። ከሟቾቹ 125,000ዎቹ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በአህጉራችን ብቻ በየዓመቱ ከ91 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲታመም 137,000 ሰው እንደሚሞት ያው ግምት ይናገራል። «ሆድ ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» የምንለው ነገር ለአንድ ጎልማሳ በእርግጥ ያልፋል። ለስምንት ወር ሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሰባ ዓመት አዛውንት፣ ስኳር ወይም ኩላሊት ላለበት ሰው ግን ሁልጊዜ አያልፍም።

በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ሰጋቱራ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተገኘ የሚል ወሬ ሲነሣ አገር ይንጫጫል። መንጫጫቱም ተገቢ ነው። ያንን እንዲከላከል በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኃላፊነት የተሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤትም አለ። ማንም ተቆጣጣሪ በር አንኳኩቶ የማይገባበት ቦታ ግን የእናንተና የእኔ ወጥ ቤት ነው። እዚያ ያለው አዋጅ እኛው የምናወጣው ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለእኩዮቼ ነው፤ በእናቶቻችን ማጀት አድገን ዛሬ የራሳችን ፍሪጅ፣ የራሳችን የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት፣ የራሳችን ትንንሽ ልጆች ላሉን። እናቶቻችንን ምንም አያውቁም ነበር ብሎ የሚነሣ ካለ ከእኔ ጋር አንስማማም። ቋንጣ ጨውና ፀሐይ ውኃውን ስለሚወስዱለት ባክቴሪያ የሚራባበት እርጥበት አያገኝም። ንጥር ቅቤ ከነኮሰረቱ ከነኮረሪማው ወራት የሚቆየው ውኃውና የወተቱ አተላ እሳት ላይ ስለተለየ ነው። የእንጀራ ሊጥ በእርሾው ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድ ብዙ ጀርም እንዳይጠጋው ያደርጋል። አይቡ ከአሬራው የሚወጣው እሳት አግኝቶ ነው። በሬ ሲታረድ ቅርጫ ይገባና ሥጋው በዕለቱ ተከፋፍሎ በየቤቱ ያልቃል፤ ከዚያ የተረፈው ገመድ ላይ ይሰቀላል። በእያንዳንዷ ልማድ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ግን የሠራ ጥበብ አለ።

ያ ጥበብ የተሠራው ግን ለሌላ ኑሮ ነበር። ምድጃው ላይ ፍም ቀኑን ሙሉ የማይጠፋበት፣ ወጥ በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ ብዙ አፍ የሚጨርሰው፣ ወተት ከላሚቱ ወጥቶ ወዲያው የሚፈላበት ኑሮ። እኛ እሑድ አብስለን እስከ ዓርብ እንበላለን። ሥጋው ከቄራ ወጥቶ፣ ሉካንዳ ውሎ፣ በታክሲ ሰዓት ተጉዞ ነው የሚደርሰን። መብራት ይጠፋል፣ ውኃ በፈረቃ ይመጣል። የእናቶቻችን ልማድ ግማሹ ቀርቷል፤ በቦታው አዲስ ልማድ አልገባም። የቀረው ክፍተት ላይ ነው ሕመሙ የሚገባው።

ወደ ድስቱ ልመለስ። በዓል ነው እንበል፤ ዒድም ይሁን ገና፣ ልደትም ይሁን ክርስትና። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሄዷል፣ ቡናው ሦስተኛው ደርሷል፣ ወንዶቹ ሶፋ ላይ ናቸው፣ ልጆቹ ስልክ ላይ። ከንጋት ጀምሮ የቆመችው ሴት እግሯ አብጧል። አሥር ሊትር የሚይዘው ድስት ከእሳት ወርዶ ክዳኑ እንደተከደነ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። «ይቀዝቅዝና ጠዋት ፍሪጅ አስገባዋለሁ» ተብሎ ያድራል።

ያ ሌሊት ነው ዋናው ችግር። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ አብዛኞቹ የምግብ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። ከተመቻቸው አንዲቷ በየ20 ደቂቃው ሁለት እየሆነች ስትሄድ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ታልፋለች። ትልቅ ድስት ደግሞ ዳሩ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ለብ እንዳለ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። «ግን እኮ በደንብ በስሏል» ይባላል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለችው ባክቴሪያ ዘሯን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልላ መፍላትን ታልፋለች፤ ወጡ ለብ ሲል ትነቃለች፤ አየር የማይደርስበት ወፍራም የሥጋ ወጥ መሐል በጣም ይስማማታል። ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ታስከትላለች። የአክስትየዋ ሌሊት ሙሉ መመላለስ ከዚህ ጋር መመሳሰሉን ልብ በሉ።

ጠዋት ማሞቅስ? ማሞቁ አንዳንዱን ይገድላል፣ ሁሉን አያድንም። በአፍንጫችንና በቆዳችን ላይ፣ በተለይ መግል በያዘ ቁስል ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ምግብ ውስጥ ገብቶ ሲራባ የሚተፋው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ባክቴሪያው ሞቶ መርዙ ይቀራል። ሩዝም እንዲሁ ነው፤ ተቀቅሎ ውጭ ያደረ ሩዝ ውስጥ የሚፈጠረው የባሲለስ ሴሬየስ መርዝ እንደገና ቢጠበስም አይሰበርም። ሽታውና ጣዕሙ ደግሞ ምንም ላይነግረን ይችላል። «አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የምትል ሴት አፍንጫዋ አልተሳሳተም፤ አፍንጫ የሚያውቀው ሌላ ዓይነት ብልሽት ነው።

ስለዚህ ድስቱ መነሣት አለበት፤ ከእሳት ከወረደ ከሁለት ሰዓት ሳያልፍ። ሙሉውን ድስት ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ መክተት ሌላውን ምግብ ያሞቃል የሚሉት እናቶች ትክክል ናቸው። መፍትሔው ግን ውጭ ማሳደር አይደለም፤ ወጡን ጥልቀቱ ከአራት ጣት በማይበልጥ ዕቃ ከፋፍሎ፣ ክዳኑን ትንሽ ገርበብ አድርጎ፣ እንፋሎቱ ሲያልፍለት ማስገባት ነው። ቸኮልኩ ያለ ሰው ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ በሞላ ትልቅ ሳህን ውስጥ አስቀምጦ እያማሰለ ቶሎ ሊያበርደው ይችላል። ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። እዚያ የገባ ወጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ይበላ፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው በመጀመሪያው ቀን በየአንድ ምሳው ተመድቦ ፍሪዘር ይግባ። ሲወጣም የሚበላው ያህል ብቻ ይውጣ፤ መሐሉ ድረስ እስኪንተከተክ ይሙቅ። ሙሉውን ድስት በየቀኑ እያወጡ አሙቆ መመለስ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ በየዙሩ ግን ወጡን በዚያ አደገኛ ሙቀት ውስጥ አንድ ጊዜ ማውረድና አንድ ጊዜ ማውጣት ነው። ያደረ ዶሮ ወጥ ይጣፍጣል የሚባለው እውነት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ቢያድርም ያው ይጣፍጣል።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ሰዓቱን ማየት ነው፤ ሁለተኛው በሩን አለመክፈት። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ይቆያል። ባዶውን ቦታ ውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙሉት፤ በረዶ ሆነው ይጠብቁላችኋል። ውስጡ በረዶ ያልለቀቀ ሥጋ ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ለብ ብሎ የተገኘ ሥጋና ወተት ግን፣ የዛሬ ዋጋውን እያወቅሁ ነው የምናገረው፣ መደፋት አለበት። ለሐኪም የሚከፈለውም የዛሬ ዋጋ ነው።

ስለ ዶሮ አጠባ ስናገር ብዙዎች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። በሎሚና በጨው፣ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ማጠብ የባለሙያነት ምልክት ነው፤ ሙሽራ በዚያ ትመዘናለች። ልጠይቅ የምፈልገው ግን ያ ውኃ የት እንደሚሄድ ነው። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ሊይዝ ይችላል። ሎሚና ጨው ሽታውንና ደሙን ያነሣሉ እንጂ እነዚህን አይጨርሱም፤ የሚጨርሳቸው እሳት ነው፤ ቁሌቱ ላይ ረጅም ሰዓት የሚንተከተክ ዶሮ ወጥ ደግሞ በእሳት በኩል አይታማም። ስለዚህ አደጋው ዶሮው ላይ ሳይሆን ዙሪያው ላይ ነው፤ ከቧንቧ ሥር ሲታጠብ የሚረጨው ውኃ አጠገቡ ያለውን ቲማቲም፣ የታጠበውን ሳህን፣ የልጁን ጡጦ ይነካል። ማጠቡን የማይተው ቤት በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠብ፤ ቧንቧ አይክፈትበት፤ አጠገቡ ምንም የሚበላ ነገር አይኑር፤ ሲያበቃም ማጠቢያው በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ይለቅለቅ። ዶሮ የተገነጠለበት መክተፊያና ቢላ ደግሞ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይዋል። ይቻላል ከተባለ ሁለት መክተፊያ ይኑር፤ ከወጥ ቤት ዕቃ ሁሉ ርካሹ መድኃኒት እሱ ነው። ፍሪጅ ውስጥም ጥሬ ሥጋና ዶሮ ከታች መደርደሪያ ይሁን፤ ከላይ ሆኖ የሚንጠባጠበው ደም የበሰለው ላይ እንዳያርፍ።

ጥሬ ሥጋስ? ተዉ ብል የሚሰማኝ አይኖርም፤ በበዓል ቀን ቁርጥ ፊት ተቀምጦ ስብከት የሚሰማ የለም። ቢያንስ ልዩነቱን እንወቅ። ጀርሙ በአብዛኛው የሚቀመጠው ሥጋው ላይ ላዩን ነው። ክትፎ ሲከተፍ ግን ላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ጥሬ ክትፎ ከሙዳ ቁርጥ ይልቅ ያሰጋል፤ ለብ ለብም ማለት መብሰል ማለት አይደለም። የኮሶው እጭ በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ከሳምንት በላይ ቢቆይ ይሞታል፤ ባክቴሪያ ግን በቅዝቃዜ አይሞትም፣ ይተኛል እንጂ። አያቶቻችን የኮሶን ዛፍ አበባ በየጊዜው የሚጠጡት ትሉ እንደማይቀርላቸው ስለሚያውቁ ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ጥሬ ሥጋም ያልፈላ ወተትም አይቅመሱ። «ትንሽ ጉርሻ ምን አላት» የሚለው ዘመድ የታወቀ ነው። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያና ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ እናትየውን ሳያሳምሙ ፅንሱን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያልፈላ ወተት ከላም የሚተላለፍ ቲቢና ብሩሴሎሲስ ሊይዝ ይችላል።

ሰላጣና ውኃ ላይ አልቆይም፤ ብዙው ሰው ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅል ጎመንና ሰላጣ በምን ውኃ እንደሚጠጣ ያየ ሰው ሰላጣን በቧንቧ ውኃ ለቅለቅ አድርጎ ማቅረብ አይቻለውም። አቼቶ ይረዳል እንጂ አይበቃም፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልጦ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ይቀድማል፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ቢበስል ይሻላል። ውኃ ማፍላትን በተመለከተ ግን ደገኞች የማናስተውለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃዋ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው የሚጠጣ ውኃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይለት የሚባለው ለዚህ ነው። ጎንደርም ደሴም ደብረ ብርሃንም ያለው ሰው በዚሁ ይቁጠር።

ለሕፃናት ደግሞ ሁለት ቃል ልጨምር። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ንጹሕ ማርም ቢሆን፣ ከገዳም የመጣ ማርም ቢሆን። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር ለእኛ ምንም አይደለም፤ ገና ባልጠነከረ አንጀት ውስጥ ግን አድጎ ሰውነትን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። ሌላው ጠዋት ተሠርቶ በፔርሙዝ ለብ እንዳለ የሚውለው የልጅ አጥሚት ነው። ወይ ትኩስ ይሁን፣ ወይ ቀዝቃዛ፤ ለብታው ነው ጠላቱ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ሕይወት አድኑ ዱቄት (ኦአርኤስ) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ በትንሽ ትንሹ ይሰጥ፤ ጡት አይቋረጥ። ደም ካያችሁበት፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ዓይኑ ከሰረጎደ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ጤና ጣቢያ ነው።

እዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ የሚታወቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ ካስተማሩት አንዱ የምግብ ንጽሕና ነው። ችግሩ ከእውቀት ይልቅ ከሥራ ክፍፍሉ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ይበላል፣ አንድ ሰው ይጠብቃል። ማታ በአምስት ሰዓት፣ አሥራ ስድስት ሰዓት ቆማ የዋለች ሴት ወጡን በአምስት ዕቃ ከፋፍላ፣ አቀዝቅዛ፣ መክተፊያውን በበረኪና አጥባ ትተኛ ማለት መመሪያ አይባልም፤ ግፍ ነው። ወንድሞቼ፣ የእኔ ጥሪ መጀመሪያ ለእናንተ ነው። ዶሮ መገነጣጠል አልችልም ማለት ይቻል ይሆናል። ወጥ በጭልፋ ከድስት ወደ ትንሽ ዕቃ መገልበጥ ግን ምንም ሙያ አይጠይቅም። ኳሱ ካለቀ በኋላ ድስቱ የእናንተ ነው።

እጅ መታጠብን እንደ እኛ የሚያከብር ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም። የቤቱ ትንሽ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ እንግዳውን በየተራ ያስታጥባል፤ ሽማግሌው ይመርቁታል። ይህ እንዲቀር የሚፈልግ የለም፤ እንዲያውም ሳሙናው አይረሳ እንጂ ይስፋ። ግን ለመብላት የምንታጠበውን ያህል ለማብሰል አንታጠብም። ልጅ አጽድቶ፣ ብር ቆጥሮ፣ ስልክ ነክቶ፣ ጥሬ ሥጋ ይዞ በዚያው እጅ ማቡካት፣ በዚያው እጅ ማጉረስ አለ። ማስታጠቢያው ከሳሎን ወደ ወጥ ቤትም ይግባ።

የማይነገረው ነገር ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። በብዙ የከተማ ቤት ምግቡን የምትሠራው ከገጠር በመጣች በወራት ውስጥ ፍሪጅ፣ ብሌንደርና በረኪና የተረከበች ልጅ ናት። አሠሪዋ ጨው በዛ ብላ ትቆጣታለች፤ ጥሬ ሥጋ ከታች ይቀመጥ ብላ አስተምራት ግን አታውቅም። ይህች ልጅ ተቅማጥ ቢይዛት ምን ታደርጋለች? ትደብቃለች። ከተናገረች ሥራዋን ታጣለች፣ ወይም «እንኳን አሞሽ፣ ደህና ሆነሽም አልቻልሽም» ትባላለች። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ሕመሙ ከቆመ በኋላም ቢያንስ 48 ሰዓት ምግብ ባይነካ ይመረጣል። ያ የሚሆነው ግን ደመወዟ እንደማይቆረጥ ስታውቅ ነው። ለራሳችሁ ልጆች ስትሉ እንኳ ይህን ቃል ግቡላት፤ አፍ አውጥታችሁ፣ ሳትታመም በፊት። ከጅዳ፣ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ ሠርታ የተመለሰች እህት ካለቻችሁም ጠይቋት፤ እዚያ በሰው ቤት ፍሪጅ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ምን ከምን ጋር እንደማይቀመጥ ብዙ የምታውቀው አለ፤ የሚጠይቃት ሰው ግን አላገኘችም።

ከእናቶች ጋር እንዴት እንነጋገር የሚለው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እህል መድፋት ነውር ነው ብላ ላደገች እናት «ይህ ተበላሽቷል፣ ድፊው» ማለት እሷን መዳፈር ነው። እንጀራው በከፊል ሲሻግት የሻገተውን ቆርሳ ቀሪውን ፍርፍር የምታደርገውም ከዚሁ አክብሮት የተነሣ ነው፤ የሻጋታው ሥር ግን ከሚታየው አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ንግግሩ ከመበላሸቱ በፊት ይጀመር፣ ሳይቃጠል በቅጠል። «እማዬ፣ ዛሬ ወጡን እኔ ላንሣልሽ፣ አንቺ ቡናሽን ጠጪ» ያለ ልጅ ክርክር አይገጥመውም። ለአማት ደግሞ «ደክሞዎታል፣ እኔ ላስቀምጠው፤ ጠዋት አሙቄ አቀርብልዎታለሁ» ማለት ይበቃል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ካለም ከሽቶ በፊት የምግብ ቴርሞሜትር ማዘዝ ይቻላል። ሥጋው መሐሉ 70 ዲግሪ መድረሱን፣ ፍሪጁ ከ5 በታች መሆኑን በአንድ ዕቃ ማየት ነው፤ አማትም ምራትም ቁጥሩ ላይ አይጣሉም።

ከቤት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ወጥ ቤታችን ዕድር ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል የዕድሩ ትላልቅ ድስቶች ይወጣሉ፣ ከየጎረቤቱም ወጥና እንጀራ ይመጣል፤ ምግቡ ድንኳን ውስጥ ከረፋድ እስከ ምሽት ይቆማል፤ የሚበላውም መቶና ሁለት መቶ ሰው ነው። በዚያ ሐዘን መሐል ስለ ሙቀትና ስለ ሰዓት የሚያስብ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በዕድሩ ደንብ ላይ መጻፍ አለበት። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ አስይዙ። ትልቁ ድስት እሳት ላይ ይቆይ፣ ወደ ድንኳኑ የሚወጣው በትንሽ በትንሹ ይሁን። ከየቤቱ የመጣ ወጥ ሳይሞቅ አይቅረብ። ቧንቧ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያና ሳሙና ከድንኳኑ ጋር አብሮ ይተከል። ያመመው ሰው በሌላ ሥራ ይርዳ፤ ወንበር መደርደርም ዕድር ነው። የተረፈውን ከፋፍሎ ማታውኑ ለፍሪጅ ባለቤቶች የሚያድል ተረኛ ይመደብ፤ ተረኝነቱ ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች ላለን፣ ወንድ ሴት ሳይባል። ገንዘብ ያዡ ወጪውን ከጠየቁ መልሱ አጭር ነው፤ ሁለት ባለቧንቧ ጄሪካን፣ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ ጥቂት ክዳን ያላቸው ዕቃዎች።